ለዝሆን ጠመንጃ የምትሆን ትንሽ አረር

ዝሆን በሌለበት አገር የዝሆን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው የማይኖርበት ከተማ የለም። በእናንተ ሰፈር ጠመንጃ ላይሆን ይችላል። ለሁለት ሰው ጎጆ የሠርግ ድስት የገዛውን፣ ለሦስት መደብ ጎመን ወንዝ የሚያደርቅ ፓምፕ ያስመጣውን ታውቁታላችሁ። ሰውየው አንድ ነው። መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነገር ይገዛል፤ ከዚያ ቀሪ ዕድሜውን ያንን ትልቅ ነገር ሲያሳንስ ይኖራል። ሽጠውና ትንሽ ግዛ እንዳትሉት ብቻ፤ ይቀየማችኋል።

የኛው፣ የዊሎ ቤንዱ፣ ክቡር ሊቀ አረር ዴልማር ክኑትሰን ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሞንታና ውስጥ እንዲህ ላለች ከተማ አንድ ፖስታ ቤት፣ ለፖስታ ቤቱም አንዲት ቬርና ናት የምትደርሰው። ቬርና እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውየውን ሳጥን ከመኪና አውርጄ ባንኮኒ ላይ ያወጣሁት በዚህ ወገቤ ስለሆነ፣ ማዕረግ ብሰጥ ማንም አይከለክለኝም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው አረር ነው። ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ ቀለሃው ይቀራል፣ ከጫፉ ላይ የተሰካችው እርሳስ ትሄዳለች፤ አረር የምለው እሷን ነው። ዴልማር ቀለሃውን ራሱ እየሞላ ጥይቱን ቤቱ ይሠራል፤ አረሩን ግን በፖስታ ያስመጣል። የፖስታ ሳጥናችን ደግሞ ክዳኑ እስከገጠመ ድረስ ምን ያህል ይከብዳል ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በሕይወቱ እርሳስ አንስቶ አያውቅም።

«ቬርና፣ ትንሽ ነገር መጥታልኛለች?» ይላል ሐሙስ ጠዋት በሩን በትከሻው ገፍቶ።

«መጥታለች። ና ራስህ ተሸከማት።»

«ትንሽ እኮ ናት።»

ትንሽ ናት። ባለፈው ዓመት አንዷ ትንሽ ነገር የባንኮኒውን እግር ሰብራለች።

ጠመንጃውን የገዛው ከጓደኛው ከለሮይ ቬስታል ጋር ነው። ሁለቱ ስንዴ አምራቾች አንድ ቀን አብረው ከተማ ሄዱና አንድ ዓይነት ሁለት የዝሆን ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። አፍሪካ ሄደን እናድናለን አሉ። በማግስቱ ዴልማር እርሻው ጫፍ ላይ ቆሞ ከፋብሪካ የመጣችውን ከባድ ጥይት አንድ ጊዜ ተኮሰ። ባርኔጣው ወደ ኋላ፣ መነጽሩ ወደ ጎን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወደ ሣሩ ሄደ። ለሮይ ጥርሱን ሲፈልግለት ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክቡርነታቸው አንድ ነገር ብቻ ይሻሉ፦ ያ ጠመንጃ እንዳይራገጥ የምታደርግ፣ ቀኑን ሙሉ አጥር ላይ የተደረደረ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ሲመቱባት ቢውሉ ትከሻ የማታበልዝ አረር።

«ለምን ትንሽ ጠመንጃ አትገዛም?» አልኩት አንድ ቀን።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ቬርና፣ በትንሽ ጠመንጃማ ቆርቆሮ ማንም ይመታል» አለ።

እንግዲህ ትንሽ አረር መምረጥ ቀላል ይመስላችኋል። ለኔም ይመስለኝ ነበር፤ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያስተምረኝ በፊት። አረሯ ረጅም ከሆነች ትከብዳለች፣ ትራገጣለች። አጭር ከሆነች አፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር በደንብ ሳትይዝ እንደ ሰካራም እየተወላገደች ትወጣለች። እርሳሱ ከለሰለሰ በርሜሉ ውስጥ ይላላጣል፤ ከጠጠረ ደግሞ በቀስታ ሲተኮስ አይገጥምም። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ቴምብሩን ትቶ ይሄዳል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ለምን እንደምጠይቀው አላውቅም። አንድ ሰው ስለ አንዲት ፍሬ እርሳስ ይህን ያህል ሲያስብ ስታይ፣ ቀጥሎ ምን ሊል ነው ብለህ ጆሮህን ትጥላለህ።

የሽጉጡን ዘመን ሳላነሳ ማለፍ ኃጢአት ነው። አንድ ጊዜ የሽጉጥ አረር ቀላል ነው፣ ስፋቱም ከኔ ጠመንጃ ጋር አንድ ነው ብሎ አንድ ሺህ ፍሬ አስመጣ። አንድ አይደለም ኖሯል። የፀጉር ያህል ይቀጥናል። የመጀመሪያዋን ፍሬ በአፈሙዙ ቢጥላት ምንም ሳይነካት በዚያኛው በኩል ወጥታ ጫማው ላይ አረፈች። ሺሁን ፍሬ ለሻጩ መመለስ ውርደት መሰለው። ዛሬ ዊሎ ቤንድ ውስጥ መጋረጃው በዴልማር አረር ያልተወጠረ፣ የዓሣ መረቡ በዴልማር አረር ውኃ ውስጥ የማይሰምጥ ቤት የለም። የቤተ ክርስቲያናችን በር በነፋስ እንዳይዘጋ የሚይዘው ጣሳም የተሞላው በሱ አረር ነው።

«እና አሁን የትኛው አረር እንደሚሻል ወሰንክ?» ስትሉት የሚመልሰው አንድ ነው። ባርኔጣውን ያነሳል፣ መላጣውን ያሻል፣ «እሱ እንኳ የሚወሰን አይደለም፤ የሚጠና ነው» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት የወጣው ለሱ ይመስለኛል፤ ሳይቸኩልም ሺህ ፍሬ አፍሷል እንጂ።

ሐሙስ ሐሙስ ሳጥኑን ከኔ ወስዶ በቀጥታ ለሮይ ጋ ይሄድ ነበር። ለሮይ ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ሁለቱ ከለሮይ ጎተራ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷን አረር እያገላበጡ እስኪመሽ ይጫወቱ ነበር። አፍሪካ አልሄዱም። ሰው ለሮይን ሲጠይቀው «ዴልማር አረሩን አልወሰነም» ይል ነበር። ዓመት ዓመትን እየወለደ፣ አምና መከር ላይ ለሮይ ልቡ ቆሞ እርሻው ላይ ሞተ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የተኳሾች ክበባችን አንድ ልማድ አለው። አባል ሲሞት፣ በዓመቱ፣ የስንዴ አጨዳ ባለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በሟቹ ጠመንጃ አምስት ጥይት ይተኩሳል። በሃምሳ ርምጃ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለች የብረት ሰሃን አለች። ከአምስቱ አንዷ እንኳ ካስጮኸቻት የሟቹ ስም ክበቡ ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። ካልጮኸች ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። መዳብ የለበሰ አረር ሰሃኗን ስለሚቦድሳት፣ ስባሪውም ወደ ሰው ስለሚመለስ፣ የሚፈቀደው ራቁት እርሳስ ብቻ ነው።

ቅዳሜው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የለሮይ ሚስት አርዲስ ፖስታ ቤት ገባች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ በረዶ አዳልጧት ሐኪሞች ትከሻዋ ውስጥ ብረት አስገብተውላታል። ዴልማር ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«የለሮይን ጠመንጃ የምተኩሰው እኔ ነኝ» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው። «ጥይቱን አንተ ሥራልኝ።»

«አርዲስ፣ ትከሻሽ እኮ...»

«ትከሻዬን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። ማነጣጠሪያውን ደግሞ እንዳትነካ። ለሮይ ነው ያስተካከለው፤ እንዳለ ይኑር።»

«የለሮይ ወንድም ቢተኩስስ? ወይ ለሚቀጥለው ዓመት...»

«እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ አልሰጥም» አለችና ደብዳቤዎቿን ይዛ ወጣች።

ዴልማር ባርኔጣውን አነሳ። መላጣውን አሻሸ። «አርዲስ ጥሩ ሴት ናት» አለ፤ «ግን ሦስት ሳምንት? ይህ እኮ ቬርና፣ የሚወሰን አይደለም፤ የሚጠና...»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ወገቤ ነው መሰለኝ። «አንተ ስታጠና አይደል እንዴ ለሮይ አፍሪካን ሳያይ የሞተው?» አልኩት።

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ወጣ። ሳጥኑን ትቶት ሄደ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳጥን ትቶ ሄዶ አያውቅም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ አይታሽም። ያን ቀን ፖስታ ቤቱን ስዘጋ ሳጥኑን ራሴ መኪናዬ ላይ ጫንኩት፣ እያቃሰትኩ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩለት፣ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ምን ብዬ ላንኳኳ?

ሰኞ መጣ። ስለ ተናገርኩት ነገር አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። የሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ ግን የደረቀ ቢጫ ነገር ነበር።

«ምንድነው ኪስህ ላይ?»

«የአርዲስ ትከሻ ነው» አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬ እንቁላል በወፍራም ካልሲ ይጠቀልላል፣ የጠመንጃው ሰደፍ በሚያርፍበት በኩል ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ይተኩሳል። እንቁላሉ ካልተሰበረ ትከሻዋ አይጎዳም፤ ከተሰበረ ያቺ አረር ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ ጥናቱ የት እንደደረሰ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሸሚዙን አይቼ አውቀው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ቀበቶው ድረስ አስኳል ነበር። በሁለተኛው ኪሱ ላይ ብቻ ቀረ። የዶሮ ባለቤቶች ሁሉ ምን ሆነ ይሉኝ ጀመር። ክቡርነታቸው በቀን አንድ ደርዘን ይጨርሱ ነበርና።

በመጨረሻው ሐሙስ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ባንኮኒዬ ላይ ሁለት አረር አስቀመጠ። አንዷ አጭር፣ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ። ሁለተኛዋ ክብ፣ እንደ ብይ ያለች ኳስ፤ የድሮ ሰዎች በአፈሙዝ የሚያጎርሷት ዓይነት።

«ይህቺ» አለ ድፍጥጧን እየነካ፣ «ለሮይ ባስተካከለው ማነጣጠሪያ ልክ ሰሃኗን መሃል ላይ ታገኛለች። ግን እንቁላሉ ይሰነጠቃል። አይፈርጥም፤ ይሰነጠቃል።»

«ኳሷስ?»

«በኳሷ እንቁላሉ ሳይሰማው ያድራል። ግን ቀስ ብላ ስለምትሄድ ከሰሃኗ በታች አንድ ስንዝር ዝቅ ትላለች። ማነጣጠሪያው ደግሞ አይነካም ተብያለሁ።»

«እና የትኛዋን?»

«እሱ እንኳ...» ብሎ ጀመረ። አየኝ። አፉን ዘጋ። ሁለቱንም ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ወጣ። ያን ዓረፍተ ነገር ያስዋጥኩት እኔ ነኝ፤ ሲዋጥ ሳየው አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ነፋስ ነበር። ከተማው በሙሉ ባቄላውንና የፍራፍሬ ፓዩን ይዞ ወጥቷል። አርዲስ የለሮይን ባርኔጣ አድርጋ መተኮሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጠመንጃው ከፊቷ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተጋድሟል። ዴልማር አጠገቧ ቆመ። በግራ ኪሱ አንድ የቆርቆሮ ሙዳይ፣ በቀኝ ኪሱ ሌላ ሙዳይ፤ በየአንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት። አልወሰነም ማለት ነው። በሁለቱም እጁ ሁለቱንም ኪስ ይዞ ቀጥ አለ።

«ጥይቱ?» አለች አርዲስ።

አንድ ሰው ከኋላ አሳለ።

«ዴልማር፣ በረዶው ሳይጥል ብትሰጠኝ።»

ወደኔ አላየም። የግራውን ሙዳይ አወጣና አጠገቧ አስቀመጠው። «ኳሷ ናት» አለ። «የለሮይ ማነጣጠሪያ ይቅር ይለኛል። ትከሻሽ ግን ይቅር አይልሽም። ሰሃኗን አትዪ፤ ሰሃኗ የተንጠለጠለችበትን ሰንሰለት እዪ።»

አርዲስ አንዷን አጎረሰች፣ አነጣጠረች፣ ተኮሰች። ያ የዝሆን ጠመንጃ በር የተዘጋ ያህል ብቻ ጮኸ። ትከሻዋ ነቅነቅ እንኳ አላለም። ከሰሃኗ በታች አቧራ ተነሳ።

«ሰንሰለቱን፣ አርዲስ።»

«ሰምቻለሁ። ለሮይ ሁልጊዜ መሃሉን እዪ ነው የሚለኝ።» ሁለተኛዋን ተኮሰች። አቧራ። ሦስተኛዋም አቧራ ሆነች።

ዴልማር በርከክ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ለሮይ ያለሽ ለከባዷ አረር ነው» አላት። «ይህቺን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስህተት ከሆነም የኔ ነው። እኔን ስሚኝ።»

አራተኛዋን አጎረሰች፤ አፈሙዙን ከፍ አደረገች፤ ከሰንሰለቱም አልፎ የታሰረበት እንጨት ስንጥር ረጨ። አንዲት ቀረች። ዴልማር ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ የማልጸልየው ሴትዮ ጸለይኩ፤ ለሷ ይሁን ለሱ አላውቅም።

ጧ አለ። ከዚያ ሰሃኗ ጮኸች፤ ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ፣ እየተወዛወዘች። የለሮይ ስም ተቸነከረ።

ባቄላ ስንበላ አርዲስ ከቦርሳዋ አንድ የማርማላታ ብልቃጥ አውጥታ ዴልማር ፊት አስቀመጠች። ውስጡ ግማሽ ድረስ እርሳስ ኳሶች ነበሩ። አቧራ ለብሰዋል።

«የለሮይ ናቸው» አለችው። «አሥራ አምስት ዓመት በነዚህ ነው፣ ከአሥር ርምጃ ላይ፣ ቆርቆሮ የመታው። አንተ በማትመጣበት ቀን ከጎተራው ጀርባ ይወጣ ነበር። ቆርቆሮ የምደረድርለት እኔ ነበርኩ።»

ዴልማር ማንኪያውን አስቀመጠ። «አሥራ አምስት ዓመት? ኳስ ቢሆንስ ብዬ ስጠይቀው እኮ ‹ይጠና› ነው ያለኝ።»

«እኔም ለምን አትነግረውም ስለው፣ ‹ከነገርኩት ሐሙስ ሐሙስ ምን ብሎ ይመጣል?› አለኝ።»

አንዷን ኳስ አውጥቶ አቧራዋን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አፍሪካስ?» አለ። እኔ ባቄላዬን ማየት ጀመርኩ።

«አፍሪካ ምን? ለሮይ እኮ አውሮፕላን ቀርቶ መሰላል የሚፈራ ሰው ነበር። አንተ አረሩን ብትወስን ኖሮ ሌላ ሰበብ መፈለግ ነበረበት።»

ዴልማር ሳቀ። እየሳቀ እንባው ወረደ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገውና እንደገና ሳቀ።

«ታዲያ አንቺ ኳሷ መሆኗን እያወቅሽ ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽኝም?»

«ለሮይ አንድ ቀን ስትወስን ማየት ይፈልግ ነበር» አለች አርዲስ። «እኔ አየሁለት።»

እኔም «ዴልማር፣ ያን ቀን ያልኩህን...» ብዬ ጀመርኩ።

«በረንዳዬ ላይ ሳጥን ማን እንዳስቀመጠ አውቃለሁ» አለኝ። «ፓዩን አቀብዪኝ።»

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በቀጣዩ ሐሙስ ሳጥን አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ዴልማር ቴምብር ሊገዛ ብቻ ገባ፤ ሸሚዙ ንጹህ፣ እጁ ባዶ።

«ምን አዲስ ነገር?» አልኩት።

«ምንም። ተወሰነ እኮ» አለ። ቴምብሩን ኪሱ ከተተ። የት እንደሚሄድ ያጣ ሰው ይመስል ነበር።

ወገቤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አርፎ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። በሩ ላይ ሲደርስ ጠራሁት።

«ዴልማር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁልጊዜ ሰንሰለቱን እያዩ መተኮስ አይሰለችም? ማነጣጠሪያው ሳይነካ፣ እንቁላሉም ሳይሰነጠቅ፣ መሃሉን የምታገኝ አረር የለችም?»

ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ። ባርኔጣውን አነሳ፣ መላጣውን አሻሸ። ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ዓይኑን ወደኔ ወርወር አደረገ።

«በል» አልኩት። «የሚወሰን አይደለም።»

«የሚጠና ነው» አለ ቶሎ ብሎ፣ እና ባንኮኒዬ ላይ መጥቶ ተደገፈ።

በሌላኛው ሐሙስ ሳጥኑ መጣ። ሳነሳው ወገቤ ቋ አለ። ባለቤቱ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ፣ ደረት ኪሱ ላይ አስኳል ነበር።